ጦሩ ለምን በሆዱ ይወድቃል? (ስለ ሽክርክሪትና ስለ ክብደት ሚዛን)

ጦሳ ስር (ደሴ)

ሰላም ያ ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ደሴ ውስጥ ስፖርት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ጦር ውርወራ የሚወዱ ልጆች በዝተውልኛል። ያሉን ጦሮች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ችግር አለባቸው።

አንደኛው ሲወረወር ያምራል። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይንሳፈፋል። መጨረሻ ላይ ግን ጫፉ አይወርድም። ሣሩ ላይ በሆዱ ይዘረጋል፤ አንዳንዴም ጅራቱ ቀድሞ ይነካል። በውድድር ደግሞ የብረት ጫፉ ቀድሞ መሬት ካልነካ ውርወራው አይቆጠርም። ልጆቹ ለፍተው ለፍተው ቀይ ባንዲራ ይነሳባቸዋል። አንጀቴን ይበሉታል። ይህ ጦር ጫፉ ተሰብሮ ብየዳ ቤት የተጠገነ ነው።

ሁለተኛው በጫፉ ይሰካል። ግን ከእጅ እንደወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ርቀቱም ያጥራል።

ከተማሪዎቼ አንዱ "መምህር፣ መፍትሔው ሲለቀቅ በጣት ጠምዝዞ ማሽከርከር ነው፤ ጥይት ቀጥ ብሎ የሚሄደው ስለሚሽከረከር ነው" ይላል። አንዷ ልጅ ደግሞ "የክብደቱ ሚዛን ነው እንጂ ሽክርክሪት ምን ያደርጋል" ብላ ትከራከረዋለች። ለሁለቱም በወጉ ማስረዳት እፈልጋለሁ። የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ።

---

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ ጥያቄህን ወደድኩት። ፊዚክስ አስተምራለሁና ትንሽ ልዘርዝረው። ልጆቹ ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ግን የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

አየር ላይ የሚሄድ ረዘም ያለ ነገር ሁለት ወሳኝ ቦታዎች አሉት። አንዱ የክብደት ማዕከሉ ነው፤ ጣትህ ላይ ብታጋድመው ወዲህም ወዲያም ሳይል የሚቆምበት ነጥብ። ሌላው የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። ወሳኙ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ነው።

ክብደቱ ከፊት፣ የአየሩ ግፊት ከኋላ ከሆነ ነገሩ ራሱን በራሱ ያቀናል። ጫፉ ወደ ጎን ሊዞር ሲል አየሩ ጅራቱን ገፍቶ ይመልሰዋል። ቀስት ኋላው ላይ ላባ የሚደረግለት ለዚሁ ነው። ጦርም የሚመደበው እዚህ ነው።

ጥይት በተቃራኒው ነው። ከኋላ ወፍራም፣ ከፊት ሾጣጣ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። አየሩ ግን የሚገፋው ከፊት በኩል ነው። ሳይሽከረከር ቢወጣ ተገልብጦ ይሄድ ነበር። የሚያድነው ሽክርክሪቱ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም።

አሁን የእናቶቻችንን እንዝርት አስቡ። ክብ እንጨቷ መሃል ለመሃል ከተሰካች ቀጥ ብላ ትሾራለች። ትንሽ ካጋደለች ግን ባፈጠንካት ቁጥር መንቀጥቀጧ ይብሳል። ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ሽክርክሪት የቅርጽን ጉድለት ያካክሳል፤ የክብደትን ጉድለት ግን ያባብሳል።

እንዴት? አንድ ጎኑ የተጫረ ነገር ሳይሽከረከር ቢሄድ አየሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል። ከተሽከረከረ ግን የተጫረው ጎን አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች ይሆናል፤ ግፊቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ክብደቱ ከመሃል ፈንጠር ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እየዞረ ሳለ ሲለቀቅ፣ ያ ክብደት በዚያች ቅጽበት ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ሁሉንም ይዞት ይወጣል። ሽክርክሪቱ በፈጠነ ቁጥር ወደ ጎን የሚወስደውም ይጨምራል።

ስለዚህ መምህር፣ ከሁሉ በፊት ለካ። ጦሩን በተወጠረ ሲባጎ ላይ አጋድመህ የሚመጣጠንበትን ቦታ አግኝ። ከዚያ ከጫፉ እስከዚያ ያለውን በሜትር ለካ። በ800 ግራሙ የወንዶች ጦር ከ90 እስከ 106 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። በ600 ግራሙ የሴቶች ጦር ከ80 እስከ 92። ውጤቱን እዚህ ጻፍልን።

---

ቆቦ ማማ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሞቼ። እኔ የማውቀው ወንጭፍ ነው።

ቆቦ ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተን ወፍ ስንጠብቅ ነው ያደግነው። ግሪሳ ከመጣ ቀልድ የለም፤ የዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት ነው የሚበላው። ከማማው ላይ የሩቁን ጥግ የምትደርስበት ወንጭፍ ብቻ ነው። እዚያ የተማርኩት፣ ድንጋይ ሳይመርጥ የሚወረውር ሰው የፈለገውን ያህል ክንድ ቢኖረው እንደማይሆንለት ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከወንጭፍ ሲወጣ ይሾልክና ወደ ጎን ይታጠፋል። ሾጠጥ ያለው የት እንደሚሄድ አታውቀውም። ከወንዝ የሚለቀመው ድቡልቡል ግን እጅህ ያሰበውን ይሄዳል። ድንጋይ ሲጠፋ ጭቃ ድቡልቡል አድርገን ፀሐይ ላይ እናደርቅ ነበር። ጭቃው መጠኑ እኩል ስለሚሆን እኔ እንዲያውም ከድንጋዩ እመርጠዋለሁ።

ሐይቅ ዳር እንዳልከው ድንጋይ ጅራትም ላባም የለውም። ታዲያ ምኑ ነው ቀጥ አድርጎ የሚወስደው? ሽክርክሪቱ ይመስለኛል። ከወንጭፉ ጉያ ሲወጣ ተንከባልሎ ነው የሚወጣው።

ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወርድ ከወንዝ አምስት ድብልብል ድንጋይ መርጦ በኮሮጆው እንደከተተ ተጽፏል። ታሪኩን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ያውቀዋል። እኔ የምትገርመኝ ያች መምረጡ ናት። እረኛ ነበራ!

---

ሐይቅ ዳር

@ቆቦ ማማ ማሻ አላህ፣ ጥሩ አመጣኸው። ፍጹም ክብ የሆነ ነገር ፊትና ኋላ ስለሌለው ሊገለበጥ አይችልም። ስለዚህ ሽክርክሪቱ የሚያስፈልገው እንዳይገለበጥ አይደለም፤ በላዩ ያሉትን ጎርበጥባጣ ቦታዎች ግፊት ለማጣፋት ነው። ጠፍጣፋው ግን እንደ ክንፍ ይሆንና አየሩ ራሱ ያነሳዋል፣ ያጥፈዋል። ጭቃውን ከድንጋዩ መምረጥህም ያለ ነገር አይደለም። ክብደቱ ከድንጋይ ድንጋይ ካልተለዋወጠ ክንድህ አንድ ዓይነት ውርወራ ይለምዳል።

ግን ልጨምርበት። ሽክርክሪት ክብ ነገርን ቀጥ ብቻ አያደርገውም፤ ያጥፈዋልም። ይህን የኳስ ሰዎች ያብራሩ።

---

ገራዶ 10

መጣሁ መጣሁ። ይሄ የኔ ነው።

ቅጣት ምት የሚመታ ሁሉ ያውቀዋል። ኳሷን በውስጥ እግርህ ጎኗን ከመታሃት ትሽከረከራለች፤ ስትሽከረከር ደግሞ አየሩን ወደ አንድ ጎን እየገፋች እሷ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ሳይንሱ የማግነስ ውጤት ይባላል፤ ማግነስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1852 ስላጠናው ነው። ኒውተን ግን ከዚያ በፊት፣ በ1672፣ የቴኒስ ኳስ ሲታጠፍ አይቶ ጽፎበታል። ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያገባትን አስታውሱ። ከ35 ሜትር ገደማ ነው የመታት። ጎል ጠባቂው ባርቴዝ ቆሞ ነው ያያት።

ሳትሽከረከር የምትሄድ ኳስ ደግሞ ሌላ ጉድ ነች። ስፌቷ አየሩን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ስለሚይዘው ወዲያና ወዲህ ትላለች። በረኛ ከሆንክ እሷን ነው የምትፈራው። ሐይቅ ዳር ጎርበጥባጣው በሽክርክሪት ይጣፋል ያለው እዚህ ላይ ተገልብጦ ይታያል። ሽክርክሪት ሲጠፋ የሚያጣፋ የለም።

አንድ የአገራችን ነገር ልጨምር። ደሴ የለመደ መቺ ኮምቦልቻ ሲወርድ ኳሷ ትታጠፍበታለች፣ ከኮምቦልቻ የመጣው ደግሞ ደሴ ላይ "አልታጠፍ አለች" ይላል። ሰበብ አይደለም። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ ደሴ ላይ ከባህር ዳርቻ አገር ጋር ሲነፃፀር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር የሚገፋውም የሚያጥፈውም ያንሳል። ኳሷ ደሴ ላይ ይበልጥ ትሮጣለች፣ ትንሽ ትታጠፋለች። ወረዳ ውድድር ስትሄዱ ቀደም ብላችሁ ገብታችሁ ጥቂት ቅጣት ምት ምቱ። ይጠቅማል።

የኳስ ሚዛን ማየት ለምትፈልጉ፣ ገንዳ ውኃ ላይ አንሳፍፏት። ባዞራችኋት ቁጥር ያው አንድ ጎኗ እየተመለሰ ወደ ላይ ከመጣ ክብደቷ ያጋደለ ነው። ብዙውን ጊዜ መንፊያው ያለበት ጎን ነው የሚከብደው።

---

የተንታ ልጅ

የመቅደላ ጎረቤት ሆኜ ዝም ማለት አልችልም። ይህ የምታወሩት ነገር እኛ አገር ላይ በደም ተጽፏል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ስቅለት ቀን ነበር። የቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ በታች እሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቀው እዚያ ነው። የድፍረት ጉድለት አልነበረም። የኛ ሰዎች በአብዛኛው የያዙት አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ የሆነ ጠመንጃ፣ ጦርና ጎራዴ ነበር። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር የሚባል ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። አፈሙዙ ውስጥ የተጠማዘዘ ቦይ አለው፤ ጥይቱን እያሽከረከረ ያወጣዋል። የጥይቱ አፍንጫ እንኳ ውስጡ ተቦርቡሮ በእንጨት ተደፍኗል፤ ክብደቱ ወደ ዙሪያው እንዲሄድና ሽክርክሪቱን እንዲይዝ። መድፎቻቸውም የተጠማዘዘ ቦይ ያላቸው ነበሩ። ከነሱ ትልልቆቹን በዝሆን ነው ያመጧቸው።

ሮኬትም ነበራቸው። የድሮው ሮኬት እንዳይገለበጥ ረጅም ዱላ ኋላው ላይ ይታሰርለት ነበር፤ ልክ መምህር እንደያዘው ጦር። ሄል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ዱላውን አስቀርቶ ጭሱ ራሱ ሮኬቱን እንዲያሽከረክረው አደረገ። እሮጌ ላይ የተተኮሰው የዚህ ዓይነቱ ነው። ሐይቅ ዳር ያላቸው ሁለቱ መንገዶች፣ የጅራቱም የሽክርክሪቱም፣ በአንድ ዕቃ ታሪክ ውስጥ ተከታትለው ይገኛሉ።

ልሙጡ አፈሙዝ ለምን ኢላማ ይስታል ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ሮቢንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶታል። ድቡልቡል አረር ከአፈሙዙ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሲወጣ ማንም ያላዘዘውን ሽክርክሪት ይይዛል። በየተኩሱ የተለየ ነው። ስለዚህ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ ይታጠፋል። ይህንን ለማሳየት አንድ አፈሙዝ ወደ ግራ አጎበጠና ተኮሰ። አረሩ ወደ ግራ ወጣ፣ ከዚያ እየታጠፈ ወደ ቀኝ ሄደ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ ናት። ሰባት ቶን ገደማ የሆነች ብረት ከጋፋት እዚያ ድረስ የጎተተ ሕዝብ ብልሃት አልጎደለውም። ተማሪዎችህን ወስደህ አሳያቸው መምህር። ከክፍል ውስጥ ትምህርት ይበልጣል።

---

ጦሳ ስር (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመቅደላውን ለልጆቹ አንብቤላቸው ፀጥ ብለው ነው የሰሙት።

ለካሁት። የተበየደው ጦር ከጫፉ እስከ ሚዛኑ 112 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱም 800 ግራም አይሞላም። በያጁ ቀለል ያለ ጫፍ አድርጎለታል ማለት ነው። ሁለተኛው 98 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደንቡ ውስጥ አለ። ግን ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው መሃሉ ብድግ ቁጭ ይላል። መያዣ ገመዱም ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

---

የወልድያ ወርዋሪ

አብሽር መምህር፣ በሽታው ተገኝቷል። እኔ ለዓመታት ጦር ወርውሬያለሁ።

የተበየደው ጦርህ ክብደቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል። የክብደቱ ማዕከል የአየሩ ግፊት ማረፊያ ላይ ሊደርስ ሲቃረብ፣ ጫፉን ወደ ታች የሚያወርደው ኃይል ይጠፋል። ስለዚህ ይንሳፈፋል፣ ይርቃል፣ በሆዱ ይወድቃል። ይህ ያንተ ጦር ችግር ብቻ አልነበረም፤ የዓለም ችግር ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ ኡቬ ሆን እ.ኤ.አ. በ1984 በርሊን ላይ 104.80 ሜትር ወረወረ። ጦሩ ከሜዳው ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ ሌሎች ስፖርተኞች ለሚወዳደሩበት ስታዲየም አደጋ ነው። ደግሞ የዚያ ዘመን ጦሮች በሆዳቸው ስለሚወድቁ ተቆጠረ አልተቆጠረ የሚለው ጭቅጭቅ ማለቂያ አልነበረውም። በ1986 የወንዶቹ ጦር የክብደት ማዕከል 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት እንዲሄድ ተደረገ። በቃ፤ ጫፉ ቀድሞ መውረድ ጀመረ፣ ርቀቱም ቀነሰ። የሴቶቹም በ1999 ተለወጠ። አራት ሴንቲ ሜትር የዓለም ሪከርድን ከባዶ አስጀመረች፤ ያንተ ጦር ከደንቡ የራቀው ደግሞ በስድስት ነው።

ከዚያ በኋላ ጅራቱን ሸካራ በማድረግ ርቀቱን ለመመለስ የሞከሩ ነበሩ። እሱም በ1991 ታገደ፣ በነዚያ ጦሮች የተመዘገቡ ሪከርዶችም ተሰረዙ። የዛሬው የወንዶች ሪከርድ የያን ዠሌዝኒ 98.48 ነው፤ ከ1996 ጀምሮ የነካው የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጦርህ። የጎበጠው እንጨት ወይም ብረት ሲሽከረከር ምን እንደሚሆን ሐይቅ ዳር ነግሮሃል። ሌላው ጥፋት መያዣው ነው። ገመዱ የክብደቱን ማዕከል መሸፈን አለበት። ወደ ኋላ ከሸሸ ልጁ የሚገፋው ጦሩን ከሚዛኑ ውጪ ይዞ ነው፤ ገና ከእጁ ሲወጣ ጅራቱን ይወረውረዋል።

ስለ መሽከርከሩ፣ ተማሪህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጦር ከጣት ሲለቀቅ በራሱ ዘንግ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ያም ትንሽ ያረጋጋዋል። ግን ሽክርክሪቱ የሚመጣው ከጥሩ አለቃቀቅ ነው። አመልካች ጣት ወይም መሃል ጣት ገመዱን መጨረሻ ላይ ሲስበው በራሱ ይሆናል። ሆን ብሎ አንጓውን የሚጠመዝዝ ልጅ ጫፉን ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ክርኑንም ይጎዳል። እኔ ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር ነው። ኃይልህን በሙሉ በጦሩ ውስጥ፣ ከጅራት ወደ ጫፍ አሳልፈው። ክንድህ የሚሄድበትና ጫፉ የሚያይበት አንድ መስመር ይሁን።

ለልጆቹ ይህንን ንገራቸው። የኬንያው ጁሊየስ ዬጎ ውርወራን የተማረው ዩትዩብ እያየ ነው። በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የኛ ልጆች ክንድ ከዚያ አያንስም። የሚያንሰው መሣሪያና የሚያይላቸው ሰው ነው፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ሯጭ ለማፍራት የምንደክመውን ሩቡን ለወርዋሪ ብናደርግ!

---

ቆቦ ማማ

የወልድያው፣ ጥያቄ አለኝ። ታዲያ የተበየደውን ጦር ጫፉ ላይ እርሳስ ወይም ሽቦ ጠምጥሞ ክብደቱን ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም?

---

የወልድያ ወርዋሪ

ለልምምድ ይቻላል። ለውድድር አይቻልም፤ ዳኞች ይለካሉ፣ የተለጠፈ ነገር ካዩም ይጥሉታል። ለልምምድም ቢሆን ዙሪያውን እኩል መጠምጠም አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ካጋደለ ያው የሐይቅ ዳር እንዝርት ይሆናል። እኔ የምመርጠው ግን ብየዳ ያለፈበትን ጫፍ አለማመን ነው። አየር ላይ ቢነቀል ልጅ ይጎዳል። እሱን ለመያዝና ለእርምጃ ልምምድ ብቻ ይጠቀሙበት፤ አይወርወር።

ደግሞ መምህር፣ ልጆችህ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ወንዶቹ 700፣ ሴቶቹ 500 ግራም ነው የሚወረውሩት። በ800 ግራም ማስጀመር ትከሻቸውን ማድከም ነው።

---

ጦሳ ስር (ደሴ)

ይህን አስቤበት ነበር፤ ለርዕሰ መምህሩ የግዢ ጥያቄ ስጽፍ 700 እና 500 ግራም ብዬ እጽፋለሁ። የተበየደውን ከዛሬ ጀምሮ ከውርወራ አውጥቼዋለሁ። የሁለተኛውን መያዣ ፈትቼ በሚዛኑ ላይ እንደገና እጠመጥመዋለሁ። ገመዱ ምን ያህል ስፋት ይኑረው?

---

የወልድያ ወርዋሪ

በወንዶቹ 800 ግራም ጦር ከ15 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር። ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሁን፤ ቋጠሮ፣ ጉድጓድ፣ ምልክት አይኑረው። ጠምጥመህ ስትጨርስ ሲባጎው ላይ መልሰህ አጋድመው፤ ገመዱ ራሱም ክብደት አለው።

---

ቆቦ ማማ

መምህር፣ ጦሩ እስኪመጣ ልጆቹ ክንዳቸው እንዳይቀዘቅዝ ወንጭፍ ልላክልህ። ከቃጫ የተጎነጎነ፣ ሁለቱ ገመዶች እኩል የሆኑ። ልምምዱን ሰውም ከብትም የሌለበት ገላጣ ቦታ አድርጉት፣ ሁሉም ከወርዋሪው ኋላ ይቁሙ። ድንጋዩን ደግሞ ከቦርከና ዳር ይልቀሙት፤ እዚያ ድቡልቡል አይጠፋም።